የቁልቁለቱ ድንጋዮች

ነርሷ የውብዳር፣ ፍሰሐን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነጋገረችው ልትሰድበው ብላ ነበር።

ጊዜው 1976 ዓ.ም.፣ ሚያዝያ ውስጥ ነው። የበልጉ ዝናብ አባርቶ የጭላሎ ተራራ ከጉሙ ብቅ ባለበት አንድ ከሰዓት፣ የውብዳር ከሆስፒታል ሥራዋ ወጥታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ከአሰላ ገበያ በታች ካለው ቁልቁለት ስትደርስ አንድ ወጣት ዋናው መንገድ መሐል ተንበርክኮ መሬቱን በሜትር ሲለካ አየች። ከላይ እህል የጫነ መኪና እየተምዘገዘገ ይመጣል። ጡሩምባው ያለ ዕረፍት ይጮሃል። ወጣቱ ግን እጁን አንስቶ ቆይ እንደማለት አወዛወዘና ልኬቱን ቀጠለ።

ሮጣ በኮቱ ጎትታ ቦዩ ዳር ጣለችው። መኪናው ጭቃ ረጭቶባቸው አለፈ።

«አንተ ጤና የለህም?» አለችው። «ባለፈው ሳምንት ከዚሁ ቁልቁለት ሁለት ሰው ተሸክመው አምጥተውልናል። ሦስተኛ ልትሆን ነው? አልጋ የለንም።»

ወጣቱ ተነሥቶ ጉልበቱን አራገፈና ነጭ ጋዋኗን አየ።

«ይቅርታ ሲስተር» አለ። «የምለካው እኮ የሱን ሩጫ ለመቀነስ ነው።»

«ማን አዘዘህ?»

«ማንም። ማዘጋጃ ቤት ነው የምሠራው። መንገድ አሠራ አሉኝ እንጂ የቱን መንገድ እንደሆነ አልነገሩኝም።»

አልሳቀችም። «እንግዲያው ከላይ ጀምር» አለችው። «ሰው የሚወድቀው እዚህ አይደለም፤ ወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ነው። ከዚያ የሚወጣ ሰው መኪናውን የሚያየው አጠገቡ ሲደርስ ነው።»

የውብዳር ንዴቷ የአንድ ቀን ንዴት አልነበረም። በቀዶ ሕክምና ክፍል አራት ዓመት ሠርታለች። በዚያን ዘመን አሰላ ውስጥ መኪና ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ ነዳጅም እንደ መድኃኒት ተፈልጎ የሚታጣበት ጊዜ ነው። ተማሪው በእግሩ፣ ነጋዴው በጋሪ፣ ባለወተቷ ጮጮዋን አዝላ፣ ገበሬው ፈረሱን ጭኖ ነው ከተማውን የሚያቋርጠው። መንገዱ ግን የመኪና ነበር። ጋሪው ጥጉን፣ እግረኛው ቦዩን፣ መኪናው መሐል መሐሉን ይዞ ይሄዳል። ሰው ሲገጭ «ምን ይደረግ፣ መንገድ ገባች» ይባላል። መኪናው ሰው መሐል ገባ ያለ ግን የለም። ይቺ ነገር ነበረች የምታንገበግባት።

ፍሰሐ ከደብረ ታቦር ተመድቦ የመጣ፣ ሲናገር ዓይኑን መሬት ላይ የሚጥል ዝምተኛ ልጅ ነው። ሐሳቡ ቀላል ነበር። በቁልቁለቱ ሦስት ቦታ ላይ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ከፍ ያለ የድንጋይ ንጣፍ ይሠራል፤ ሾፌሩ ለሰው ባያስብ ለመኪናው ሲል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከቦዩ ወዲያ ደግሞ ለእግረኛና ለጋሪ የሚሆን መሄጃ ይጠረጋል።

በየእሑዱ ነዋሪው ለቀበሌ ዘመቻ ይወጣ ነበርና የግንቦት እሑዶች ለዚሁ ሥራ ዋሉ። የውብዳር መጀመሪያ የመጣችው ልትቆጣጠረው ነበር። ቀጥሎ ድንጋይ ልታቀብል መጣች። ከዚያ በኋላ ለምን እንደምትመጣ ራሷንም መጠየቅ ተወች። እሱም «ሲስተር» ማለቱን ወደ «የውብዳር»፣ «የውብዳር»ን ወደ «ውቤ» አሳጠረው።

ሰኔ ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን መሥሪያ ቤቱ በር ላይ ጠብቃ ያዘችው።

«በዚህ ወር ከቁልቁለቱ አንድም ሰው አልመጣልንም» አለችው።

ፍሰሐ ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኑን ከመሬት አንስቶ ዓይኖቿ ላይ አሳረፈ፤ አልመለሰውምም።

«ምነው ዝም አልክ?»

«ይህን የሚያህል ደስታ ነግረውኝ አያውቁም። ምን እንደሚባል ጠፋኝ።»

መዳፉን ድንጋዩ ልጦት ነበር። እጁን እንደ ነርስ ይዛ አገላብጣ አየችው። እንደ ነርስ ግን አልለቀቀችውም።

አባቷ አቶ ገብረ መድህን ነገሩን ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። አያታቸው ከሸዋ መጥተው ሳጉሬ ላይ መሬት የያዙ ናቸው። የመሬት አዋጁ ሲወጣ መሬቱ ሄደ፤ እሳቸውም ከተማ ገብተው ተቀመጡ።

«ያን ጊዜም የመጣው እንደሱ ያለ ጨዋ ልጅ ነበር» አሏት። «ሜትሩን ዘርግቶ፣ ‹አባባ፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉ› ብሎ ለካና ሄደ። እኔም ፈቀቅ እንዳልኩ ቀረሁ። ሜትር የያዘ የመንግሥት ሰው የራሱ ልብ የለውም። ሥራ ሲሉት ይሠራል፤ አፍርስ ሲሉት ያፈርሳል።»

«ፍሰሐ እንደሱ አይደለም፣ አባዬ።»

«ታዪዋለሽ» አሉ።

ለማየት ብዙም አልቆየችም።

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በመስከረም ሊከበር ነውና በሐምሌ ከተማው በዝግጅት ተወጠረ። አጥር ተቀባ፣ ቅስት ተተከለ። የመንገዱን ዝግጅት እንዲመራ የተቋቋመው ኮሚቴ ሰብሳቢ ጓድ አስናቀ የሚባል ሰው ነበር። ጓድ አስናቀ በመኪና ከተማውን ሲዞር ቁልቁለቱ ላይ ሦስት ጊዜ ተንገጫገጨና፣ «ከናዝሬት የሚመጡት እንግዶች እንዲህ ሊናጡ ነው? ይነሣ» አለ። በዚያው አፉ እስከ በዓሉ ድረስ ጋሪ፣ ከብትና እግረኛ በዋናው መንገድ ላይ እንዳይታይ አዘዘ። አዲሱ የእግር መንገድም አፈር መድፊያ ሆነ።

የውብዳር በማለዳ ወደ ሥራ ስትወርድ ሠራተኞች ድንጋዩን በዶማ ሲፈነቅሉ ደረሰች። ከአጠገባቸው ፍሰሐ ቆሟል።

«አንተ ነህ የምታስፈርሰው?»

«ትዕዛዝ ነው።»

«መቼ ነው የሰማኸው?»

«ከትናንት ወዲያ።»

«ትናንት አብረን ነበርን።»

ፍሰሐ መሬት መሬቱን አየ። «ብነግርሽ ዝም አትዪም» አለ። «ዝም ካላልሽ ደግሞ ይወስዱሻል። አንቺን እንዳላጣሽ ነው፣ ውቤ።»

«እኔን እንዳታጣ ሌላው ይገጭ?» አለችው። ድምፅዋን አላነሣችም። «የኔን ሕይወት በማን እግር እንደገዛህ አንድ ቀን አልጋው ድረስ ወስጄ አሳይሃለሁ።»

ጥላው ወረደች። ከዚያ በኋላ ሲመጣ በሌላ በር ትወጣ ጀመር።

ያለችው ቀን በነሐሴ መጣ፤ የመጣውም በማታስበው ሰው ነበር። እቴቴ ሀሊሜ ከጭላሎ ሥር ካለ መንደር በየማለዳው ወተት የሚያመጡ የአርሲ ሴት ናቸው። የውብዳር ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሳቸውን ወተት ጠጥታ ነው ያደገችው። በዚያን ዕለት ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ ቦዩ በጎርፍ ሞልቶ ነበር። መሄጃ ቢያጡ ጮጯቸውን ይዘው ወደ መንገዱ ወጡ። ከሳጉሬ በኩል የመጣው የእህል መኪና ቁልቁለቱን እንደ ልቡ ሲንደረደር ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት አገኛቸው።

ቀኝ እግራቸው ከጉልበት በታች ተቆረጠ። የውብዳር ከሐኪሙ አጠገብ ቆማ መሣሪያ ታቀብል ነበር።

ሲነቁ አጠገባቸው ነበረች።

«ወተቱ ፈሰሰ?» አሏት።

«ፈሰሰ፣ እቴቴ።»

እጃቸውን በብርድ ልብሱ ላይ ዝቅ አድርገው ዳሰሱ። እግራቸው ያለቀበት ቦታ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። የውብዳር ፊቷን አዞረች።

«ኢንተላ ኮ» አሏት፣ ልጄ ማለታቸው ነው። «እንባሽን ተይው። ቁጣሽ ይሻለኛል።»

በሳምንቱ የቀበሌ ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ስለ አደጋው ጠየቀ። ጓድ አስናቀ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሣ መለሰ። «እግረኛ በዋናው መንገድ እንዳይሄድ መመሪያ ወጥቷል። ሴትዮዋ መመሪያ ጥሰው ነው። ጥፋቱ የራሳቸው ነው።»

የውብዳር ተነሣች።

«ቦዩ ውስጥ ጎርፍ ነበር» አለች። «የእግር መንገዱ ላይ አፈር ደፍታችሁበታል። በየት ይሂዱ ነበር?»

«ሲስተር፣ ይቀመጡ።»

«በየት ይሂዱ ነበር ነው ያልኩት።»

«ይቀመጡ ተብለዋል።»

ከኋላ ወንበር ላይ ፍሰሐ አንገቱን ደፍቶ ነበር። አየችው፤ ቀና አላለም። በሩን ከፍታ ወጣች።

ቤት ስትደርስ ወሬው ቀድሟት አባቷ ደጅ ቆመው ጠበቋት። «ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ» አሏት።

«እግራቸው ግን ተቆረጠ፣ አባዬ።»

አቶ ገብረ መድህን ከበሩ ፈቀቅ ብለው አስገቧት።

እቴቴ ሀሊሜ የተኙበት አልጋ አጠገብ እህታቸው ዙቤዳ ነበሩ የሚያስታምሟቸው። ስብሰባው ላይ የተባለውን ከየውብዳር ሲሰሙ ሁለቱ እህትማማቾች በኦሮምኛ ለረጅም ጊዜ ተነጋገሩ። ከዚያ ዙቤዳ ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ።

«ሲንቄ ይወጣል» አሉ።

ሲንቄ የአርሲ ሴት ስታገባ ከእናቷ የምትቀበላት ቀጭን በትር ናት። መምቻ አይደለችም። ሴት ስትበደል ሴቶች ሁሉ ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ እነሱን ጥሶ የሚያልፍ ወንድ ግን እርግማን ይዞ ነው ቤቱ የሚገባው። ዙቤዳ መንደር ለመንደር ዞረው ጠሩ። የውብዳር በበኩሏ የሆስፒታሉን ነርሶችና የሰፈሯን ሴቶች ቤት ለቤት አነጋገረች። «እሑድ ዘመቻ የለም እንዴ?» ነበር የምትላቸው። «ዘመቻ እንውጣ።»

እሑድ ማለዳ ሴቶቹ ከጭላሎ በኩል ወረዱ። በአንድ እጃቸው ሲንቄ፣ በሌላው እርጥብ ሣር ይዘዋል። ቁልቁለቱን ከላይና ከታች ዘግተው ቆሙ። መፈክር የለ፣ ጩኸት የለ። በመሐላቸው የውብዳርና የከተማው ሴቶች ከመንገድ ዳር የተጣለውን ድንጋይ እያነሡ መለሱ። የጭነት መኪናዎቹ እየመጡ ቆሙ። ሾፌሮቹ ወርደው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

ረፋዱ ላይ የጓድ አስናቀ መኪና ደረሰ። ሾፌሩ ከዲሮ የሚባል የኢተያ ልጅ ነው። ሴቶቹን ሲያይ ሞተሩን አጠፋ።

«ንዳ እንጂ» አለው ጓድ አስናቀ።

«ጓድ፣ የኔም እናት ሲንቄ አላት» አለ ከዲሮ። «ይህን ጥሼ ቤቴ አልገባም።» ቁልፉን ነቅሎ ወረደ።

ጓድ አስናቀ ፊቱ ቀልቶ በእግሩ መጣ። «ይህን ያደራጀ ማነው?» አለ። የውብዳር ድንጋዩን አስቀምጣ ቀና አለች። ልትናገር አፏን ስትከፍት ከኋላዋ የእግር ኮቴ ሰማች።

ፍሰሐ ነው። ትከሻው ላይ ዶማ፣ እጁ ላይ ገመድ ይዟል። ጓድ አስናቀን አላየውም፤ ሴቶቹ የደረደሩትን አየ።

«እንዲህ ከላይ ከተቀመጠ ይነቀላል» አለ። «ይቀበር።» ተንበርክኮ መቆፈር ጀመረ። ትንሽ ቆፍሮ ቀና ሳይል፣ «እኔ ነኝ ያደራጀሁት፣ ጓድ» አለ። «ሴቶቹንም የጠራኋቸው እኔ ነኝ። ማንም ሌላ የለበትም።»

ከሰዓት በኋላ ታጣቂዎች መጥተው ወሰዱት። እስኪወስዱት ድረስ ግን ሁለቱን መስመር ቀብሮ ጨርሷል፤ ሦስተኛውን ሴቶቹ እሱ እንዳሳያቸው አድርገው ጨረሱት። በማግሥቱ ድንጋዩን እንዲያነሡ የታዘዙት ሠራተኞች ዶማቸውን መሬት ላይ አስቀምጠው ቆሙ። በሲንቄ የተቀመጠ ድንጋይ የሚነቅል እጅ አሰላ ውስጥ አልተገኘም። የበዓሉ ዕለት እንግዶቹ ከናዝሬት መጡ፤ ቁልቁለቱ ላይ ቀስ አሉ፣ አለፉ። ሌላ ምንም አልሆነም።

የውብዳር ስንቅ ይዛ ወደ እስር ቤቱ የሄደችው ሰው እንዲያየው ሲፈቀድ ነው። ፍሰሐ ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል። ሲያያት ፊቱ በራ።

«ድንጋዩስ?» አላት።

«አለ።»

ፈገግ አለ። እሷ አላለችም። ዘበኛው ወደ በሩ ፈቀቅ እስኪል ጠበቀች።

«አትሳቅ» አለችው። «ተናድጄብሃለሁ።»

«አሁንም?»

«አሁን ይብሳል። ሴቶቹን የጠራሁ እኔ ነኝ አልክ። ዙቤዳ እግራቸው እስኪላጥ ዞረው ነው የጠሯቸው። እኔም ደጅ ለደጅ ስንከራተት ነበር። ሁላችንንም በአንድ አፍ አጠፋኸን።»

«እንዳይወስዱሽ ብዬ ነው።»

«ስታፈርስም ያልከው ይህንኑ ነበር» አለችው። እንባዋ መጣ፤ በቁጣ ጠረገችው። «ስታፈርስ ለኔ ነው፤ ስትታሰር ለኔ ነው። አንድ ቀን ግን ምን ይሻላል ብለህ ጠይቀኸኝ አታውቅም። ስትፈራም ብቻህን፣ ስትደፍርም ብቻህን። እኔ የት ነኝ፣ ፍሰሐ? ሌሊት እንቅልፍ የማጣልህ እኔ የት ነኝ?»

ፍሰሐ እንደ ድሮው መሬት መሬቱን አላየም፤ ዓይኑን ከሷ አልነቀለም።

«ሕፃን ሳለሁ ነው አባትና እናቴን ያጣሁት» አለ። «ከዚያ ወዲህ የሚጠይቀኝም የምጠይቀውም ሰው አልነበረኝም። አልተማርኩትም።»

«እንግዲያው ተማር።»

ሰሃኑን ወደሱ ገፋ አደረገችለት። «ብላ። አባዬ ናቸው ውሰጂለት ያሉት።»

በጥቅምት ሲፈቱት ከማዘጋጃ ቤቱ ሥራው ተነሥቶ ወደ ባሌ፣ ወደ ጊኒር መቀየሩን የሚገልጽ ደብዳቤ ጠበቀው። ቅጣት መሆኑ ለማንም ግልጽ ነው። ፍሰሐ በቀጥታ ወደነየውብዳር ቤት መጣ። አቶ ገብረ መድህን ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ።

«ሽማግሌህስ?» አሉት ሰላምታውን ተቀብለው።

«እዚህ ዘመድ የለኝም፣ አባባ። ሽማግሌ ከመላኬ በፊት ደግሞ እሷን መጠየቅ አለብኝ።» ወደ የውብዳር ዞረ። አባቷ ፊት ነው፤ ቢሆንም አላቆመም። «ጊኒር ሩቅ ነው። ሥራውን ልተወውና እዚህ የቀን ሥራ ልሥራ፣ ወይ ልሂድና ትጠብቂኝ፣ ወይ... ብቻዬን ልወስን አልፈልግም። ምን እናድርግ?»

የውብዳር ለመልስ አልቸኮለችም። ከሐምሌ ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ሁሉ ከዚች «እናድርግ» ከምትለው ቃል ፊት ትንሽ ቦታ ለቀቀ። ሁሉም አልለቀቀም።

አቶ ገብረ መድህን ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያፈረሰውን በገዛ እጁ መልሶ የሠራ የመንግሥት ሰው አይቼ አላውቅም» አሉ። «ሽማግሌውን እኔ እፈልግልሃለሁ። እኔው ልኬ እኔው እቀበላቸዋለሁ።»

የውብዳር የዚያን ቀን፣ ከስንት ወር በኋላ፣ ሳቀች። ከዚያ ፍሰሐን አየችው።

«ጊኒር ነርስ አያስፈልገውም?» አለችው።

ወደ ጊኒር ልቀየር ብሎ ያመለከተ ሰው ከዚያ በፊት አልነበረምና ፈቃዱ ሳይውል ሳያድር መጣ። የነቢያት ጾም ሳይገባ በትንሽ ድግስ ተጋቡ። እቴቴ ሀሊሜ በጋሪ መጥተው፣ በክራንቻቸው ተደግፈው ሙሽሪትን መረቁ፤ ከዚያ ፍሰሐን ጠርተው ለብቻው አንድ ነገር ነገሩት። ምን እንዳሉት አልተናገረም፤ ፊቱ ግን ለረጅም ጊዜ ቀልቶ ቆየ።

በሳምንቱ አውቶቡስ ተሳፈሩ። ከሳጉሬ ወዲያ ያለውን ዳገት ሲያያዙት በመስኮቱ ብርድ ይገባ ነበርና ፍሰሐ ኮቱን አውልቆ በትከሻዋ ላይ ሊያደርግ አለና ቆመ።

«በርዶሻል?» አላት። «ላልብስሽ?»

«አልብሰኝ።»

አለበሳት። ትንሽ ቆይቶ፣ «አሁንስ ንዴትሽ በረደ?» ብሎ ጠየቃት።

የውብዳር ወደ ውጭ ተመለከተች። ከመንገዱ ዳር አንዲት ሴት እንጨት ተሸክማ፣ አውቶቡሱን ስታይ ሣር ውስጥ ገብታ ቆማለች። አቧራው አለበሳት።

«አልበረደም» አለች። «እንዲበርድም አልፈልግም። አንተ ላይ ያለው ብቻ ነው የቀነሰው።»

ይህን ብላ፣ ፊቷ እንደ ተቆጣ፣ ራሷን ትከሻው ላይ አሳረፈች።